የአዳኝ ሱሪ

እኔ ልብስ አውቃለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ሐይቅ ከተማ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ስሸጥ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጃኬቱ ገና ከቦንዳው ሳይወጣ በእጄ ዳብሼ ዚፑ ይሠራ አይሠራ እነግራችኋለሁ። ሰው ይዋሸኛል፣ ስፌት ግን አይዋሸኝም። ስሜ ዑምኩልሱም ነው። ገበያተኛው ከኋላዬ «ዑሚ ቁጡዋ» ይለኛል፤ እንዲህ የሚለኝንም ሰው አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ባሌ ኑርዬ ዓሣ አስጋሪ ነው። እሱ ውሃ ዳር ተወልዶ ውሃ ዳር ያረጀ የሐይቅ ልጅ ነው። እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ ከውጫሌ በላይ ካለው ገደል ነው የመጣሁት፣ ተራራ እንጂ ውሃ አላውቅም። በተጋባን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ሐይቁ የወረድኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ያን ሁሉ ውሃ ሳይ ያዞረኛል። «ዓሣህን አምጣልኝ፣ ውሃህን እዚያው ተወው» እለዋለሁ፣ እሱም ይስቃል። ኑርዬ ሁልጊዜ ይስቃል። ስቆጣ ይስቃል፤ ሳልቆጣ ስውል ደግሞ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ ይስቃል።

ያመመው ግን እሱ ነበር። መረቡን የሚጥለው ቄጠማው ውስጥ ነው፣ ታንኳ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ጓደኛው ከበደ ታንኳውን ይዞ ከቄጠማው ውጭ ይጠብቃል፣ ኑርዬ ደግሞ እስከ ወገቡ እየገባ መረቡን ይስባል። ጎህ ሲቀድ፣ በኅዳር ብርድ፣ በቁምጣ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ! ብረት እንኳ ይዝጋል እኮ። ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ፣ ከዚያ ቁርጥማቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሟ እግሩን አገላብጣ አየችና «አባቴ፣ ይሄ እግር ከቀዝቃዛ ውሃ ካልተለየ በሚቀጥለው ዓመት በከዘራም አይሄዱበት» አለችው።

«ከሐይቁ ወጥቼ የት ልግባ?» አለኝ መንገድ ላይ። «ዓሣው ቤቴ ድረስ በባጃጅ ይመጣልኛል?»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። በሳምንቱ ግን ሊሰግድ ተነሥቶ «ዑሚዬ፣ እስቲ ያችን በርጩማ አቀብይኝ» አለኝ። አረፍ ሊል መስሎኝ ሰጠሁት። እላዩ ላይ ተቀምጦ «አላሁ አክበር» አለ። ሱጁድ ሲደርስ ግንባሩን መሬት ማስነካት አቅቶት አንገቱን ብቻ ደፋ። ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ወላሂ፣ እኔ ማልቀስ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዬ እስኪርስ አለቀስኩ። ከዚያም ማልኩ፤ ይሄን ሰውዬ ከውሃው ባላወጣው እንኳ ውሃውን ከእግሩ አወጣለሁ አልኩ።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ ሙጂባ ቦንዳ ላከችልኝ። ሙጂባ ደሴ ያለች አከፋፋይ ናት። የምትልከው ዕቃ ላይ ሁሌ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁራጭ ካርቶን ታስራለች፤ «የሕፃን ሹራብ»፣ «የሴት ጉርድ» እያለች። በዚህኛው ላይ «የአዳኝ ልብስ» ይላል። አዳኝ! ሰውን ከእሳት፣ ከጎርፍ የሚያወጣው ማለቷ ነው ብዬ አነበብኩት። ያ ረቢ፣ ዱዓዬን እንዲህ ቶሎ ሰማኸኝ?

ፈታሁት። ላይ ላዩን ቅጠልያ ጃኬት ነው፤ ቡኒና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ፣ የወታደር የሚመስል። በዚህ ዘመን ቅጠልያ ለብሶ መንገድ የሚወጣ ሰው ነገር ፈላጊ ነው፤ ሰው ሳያየው ጠቅልዬ ለሙጂባ መለስኩላት። አዳኝ የተባለ ሰው ለምን ቅጠል መምሰል እንዳስፈለገው ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ምክንያቱም ከሥር ሁለት የጎማ ሱሪዎች አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላየሁም።

ሱሪ ብዬ ነው እንጂ ሱሪም አይባሉ። ከታች ቦቲ ጫማው አብሮ ተጣብቋል፣ ከላይ እስከ ደረት ይደርሳል፣ ማንገቻው በትከሻ ያልፋል። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉድና ይመለሳል፣ ጠበብ ያለ ነው። ሁለተኛው ስስ ነው፣ ሰፊ፣ ሁለት ኑርዬ ይይዛል፤ ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ አለው።

ልብስ ዝም ተብሎ አይታመንም። ሁለቱንም ግቢያችን ያለው ወይራ ላይ ሰቀልኩና በባልዲ ውሃ ሞላኋቸው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ «ዑሚ፣ እነዚህን ሰዎች ምን አድርገውሽ ነው የሰቀልሻቸው?» እያለ ሳቀብኝ። ስሱ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ወፍራሙ በግራ ተረከዙ በኩል አንጠባጠበ፤ ጎሚስታው ጋ ወስጄ እንደ ጎማ ካላማደሪ አስለጠፍኩት። ከሥር የሚለበሰውንም እኔው መረጥኩ። ጥጥ አይሆንም፤ ጥጥ ላብ ይጠጣና እንደ እርጥብ ጨርቅ እግር ላይ ይተኛል። ሱፍ ግን ቢረጥብም ይሞቃል። የሁለት ሱፍ ሹራብ እጅጌ ቆርጬ እስከ ጭኑ የሚደርስ ሠራሁለት። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ወፍራሙ፣ ሙቀት ሲገባ ስሱ ብዬ ወሰንኩ።

ኑርዬ ለብሶ ወደ ታች ራሱን አየ። «ዑሚዬ፣ ዓሣዎቹ ሲያዩኝ በሳቅ ይሞታሉ፤ መረብም አያስፈልገኝ» አለ።

«ዝም በልና ግባ!» አልኩት።

ያን ቀን ሲመለስ እግሩን ዳበስኩት። ደረቅ! ሞቃት! እንደ ሕፃን እግር ሳምኩት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እሱ ራሱ አላመነም፤ አፍሮ እግሩን ሰበሰበ።

አንድ ጣጣ ግን መጣ። ድሮ ኑርዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ለቀትሩ የዙህር ሰላት መታጠብ፣ ውዱእ ማድረግ፣ አይከብደውም ነበር፤ እግሩን ሐይቁ አጥቦለት ይጠብቀዋል። አሁን ወገቡ ድረስ ሐይቅ ውስጥ ቆሞ እግሩ ውሃ አልነካውም። ሸህ ሳሊሕን ሄዶ ጠየቃቸው። «ሸሆች፣ በቆዳ ካልሲ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ ይቻል የለም? በዚህኛውስ ላይ?»

ሸህ ሳሊሕ ሱሪውን አስመጥተው እያገላበጡ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። «ይሄ ካልሲ ሳይሆን ቤት ነው» አሉ። «ልብህ ካልረጋ አውልቀውና ታጠብ፤ አላህ ያን የሚያህል ውሃ ደጅህ አስቀምጦልህ ምን ያጣድፍሃል?»

ኑርዬ ሊያወልቅ ወሰነ። ታዲያ ጠባቡ ሱሪ በዋዛ አይወልቅም፣ ጉልበቱም አይታጠፍም። «ዑሚዬ፣ በዙህር ሰዓት ብቅ ብለሽ ብትጎትችልኝ?» አለኝ። ጮህኩበት። ገበያዬንስ? ያንን ገደል መሳይ ቁልቁለትስ? ውሃውንስ ማን ያይልኛል? ሁሉን ተናግሬ ስጨርስ በማግስቱ ወረድኩ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት እንዲህ ሆነ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዕቃዬን ሸራ አልብሼ እወርዳለሁ፣ ኑርዬ ዳር ላይ ድንጋዩን ተደግፎ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀኛል፣ እኔ ቦቲውን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ፍየል እገፈዋለሁ። ከበደ ታንኳው ላይ ተቀምጦ «ኧረ ቀስ፣ ቆዳውም አብሮ ይወጣል!» ይላል። ረመዳንና ሁዳዴ ተያይዘው ሲገቡ ደግሞ ሁለቱም ጦመው ይነጫነጩብኛል። ኑርዬ ሰግዶ ሲጨርስ አጠገቤ ይቀመጣል። ያች ነጭ ወፍ ስንት ጫጩት እንዳላት፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የት እንደሚጥል፣ አምባዛ ለምን ጭቃ እንደሚወድ ያወራልኛል። ይሄ ሁሉ ወሬ ሃያ ስድስት ዓመት የት ነበር? እቤት ሲመጣ ደክሞት ይተኛል፣ እኔም ደክሞኝ እቆጣለሁ፤ በቃ እንዲያ ነበር የኖርነው። ውሃውንም ለመድኩት። ማዞሩን ተወኝ።

በጥር አጋማሽ ደግሞ ያየሁትን አየሁ። ኑርዬ ሣሩ ላይ ቆሞ ሲሰግድ ሱጁድ ላይ ጉልበቱ ታጠፈ። ቀስ ብሎ፣ በእጁ ተደግፎ፣ ግንባሩ መሬት ነካ። አልሐምዱሊላህ! እልል ልል ብዬ ሰላቱን እንዳላበላሽበት አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከበደ በታንኳው ላይ አማተበ።

ካልጠገቡ አይዘሉ ይባላል። ሚያዝያ ገባ፣ ፀሐዩ በረታ። ገበያ ውስጥ አጠገቤ የምትሸጠው፣ ሀያ የምትባለው ጎረቤቴ፣ ለአንዲት ደንበኛዬ «ዑሚ በዚህ ሰዓት የለችም፤ ባሏን ልትገፍ ወርዳለች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለቱም ሲስቁ ደረስኩ። ወሬው አልነበረም፤ ሳቃቸው ነው ያንጨረጨረኝ። ከዚያ በኋላ ስሄድ «ቢላሽን ይዘሻል?» የሚለኝ በዛ። ቁጡዋ ሲሉኝ ችያለሁ፣ መሳቂያ መሆን ግን አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ስሱን ሱሪ ወረወርኩለት። «ሙቀት ገብቷል፣ ይሄኛው ሰፊ ነው፣ ራስህ አውልቀው። እኔ ገበያዬን ልሥራ።»

ኑርዬ ሱሪውን በእጁ መዘነው። «ጠባቡ ይሻለኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«በሚያዝያ ሙቀት? ልትቀቀል ነው? ልብስ የሚያውቀው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

«አንቺ ነሽ» አለ። ፈገግ ብሎ ለበሰው። ምነው ያኔ እንደኔ በጮኸብኝ! ይሄ ሰውዬ ግን መጮኽ አልፈጠረበትም። ቀበቶውን ፈልጎ አጣው፤ ቀበቶ ለብቻው ስለሚፈለግ እኔ ገና በጥቅምት ፈትቼ ለአንድ ጫኝ ሸጬዋለሁ። «ማንገቻ እያለው ቀበቶ ምን ይሠራለታል?» አልኩ። ደግሞም አዳኝ አይደለ? ሰው እንዲያድን የተሠራ ልብስ ሰው ያሰጥማል?

በአራተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከበደ ስልክ ደወለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ዑሚ፣ ነይ። አብሽሪ፣ ተርፏል፣ ግን ነይ» አለኝ።

ሸራውንም አላለበስኩም። ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላህ ነው የሚያውቀው፤ አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኑርዬ ሣሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ ውሃ ይተፋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሱሪው አጠገቡ ተጥሎ አሁንም ከውስጡ ውሃ ይፈሳል፣ ሐይቁ ግማሹ እዚያ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከበደ የራሰ ልብሱን እየጨመቀ ነገረኝ። ኑርዬ ከቄጠማው ጫፍ ላይ መረቡን ሲከተል ውሃው ሥር ያለው የመሬቱ ደረጃ ከእግሩ አመለጠው። ጥልቁ ከዚያ ይጀምራል። ዋና ያውቃል፤ ግን ውሃው በደረቱ በኩል ተንደቅድቆ ገባና ሱሪውን ሞላው። እግሩ እንደ ድንጋይ ሆነበት። ከበደ ከታንኳው ዘሎ በማንገቻው ጎተተው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ኑርዬ ከመስመጡ በፊት በእውነትም እየሳቀ «ከበደ፣ ያዘኝማ» ብሎት ነበር አሉ።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ሙጂባ ጋ ደወልኩ። ንዴቴን የምጥልበት ሰው ፈለግሁ።

«አዳኝ ብለሽ ጽፈሽ ባሌን ልትገድይው ነበር!»

«ምን ማለትሽ ነው ዑሚ?»

«የአዳኝ ልብስ አላልሽም? ሰው የሚያድን!»

 «እቴ» አለች፣ «አድ-ዳኝ ነው እኮ ያልኩት። ጠበቅ አድርገሽ አንብቢው። አውሬ የሚያድነው! ዳክዬ፣ ሚዳቋ! ፈረንጅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ወፍ የሚያድንበት ልብስ ነው። ደግሞ ቀበቶው ወገብ ላይ ካልጠበቀ ውሃ ይሞላል። ቀበቶ አብሮት ነበርኮ፣ ምን አደረግሽው?»

ስልኩን ዘጋሁት። አንድ ፊደል ላልታ ስትነበብ ታድናለች፣ ልብሱ ሲላላ ግን ይገድላል። ጽሕፈት ጠበቅና ላላ አያሳይም፣ ሙጂባም ጥፋት የላትም። ቀበቶውን የሸጥኩት እኔ፣ ሰፊውን የመረጥኩት እኔ፣ የሁለት ሴት ሳቅ በልጦብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ልብስ አውቃለሁ ስል ኖሬ!

ኑርዬ አጠገብ ቁጭ አልኩ። «አውፍ በለኝ» አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻህን እንድታወልቀው ብዬ ነው ሰፊውን የሰጠሁህ። ጠባቡን መጎተት ስለሰለቸኝ ነው። ሰው ሳቀብኝ፣ ኑርዬ። ለዚያ ብዬ ነው።»

ኑርዬ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ከበደ ጉሮሮውን ጠረገ። ከበደ ነገር መደበቅ አይችልም፤ ሆዱ ትልቅ ይምሰል እንጂ ምስጢር አይይዝም።

«ይሄን ነገር ካልተናገርኩማ ኃጢአት ነው» አለ። «ዑሚ፣ ጠባቡን እኮ ራሱ ያወልቀው ነበር።»

«ምን?»

«ጉልበቱ ከተሻለው ከጥር ወዲህ። አንቺ የዘገየሽ ቀን ብቻውን ሞልጮ ያወጣዋል፣ ሰግዶ መልሶ ያጠልቀዋል። አንቺ ከዚያ ጉብታ ላይ ብቅ ስትይ ግን ድንጋዩን ተደግፎ እግሩን ይዘረጋና “አይ ይሄ ሱሪ” ይላል። እኔንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ኑርዬን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል፤ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ አሁን ከሞት አፍ ወጥቶ፣ እንደ ጎረምሳ አፍሯል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ።

«እና ያን ሰፊ ሱሪ ስወረውርልህ ለምን አልነገርከኝም? “ጠባቡን ብቻዬን አወልቀዋለሁ፣ አትምጪ” ብትለኝ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር? ልትሞትብኝ እኮ ነበር፣ አንተ ሰውዬ!»

ሊመልስልኝ ሲል ሳል አቋረጠው። ሲያበቃለት እንደ ልማዱ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«ብነግርሽ» አለ፣ «ከዚያ በኋላ ትመጪ ነበር?»

«እንዴታ!» ልል ነበር። ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ገበያው ሁሉ ይመስክር። ግን እውነቱ ምን ነበር? አልመጣም ነበር። ደህና ነው ብዬ፣ ሥራ አለብኝ ብዬ፣ ማታ አየዋለሁ ብዬ እቀር ነበር። ማታ ደግሞ ይተኛል።

«አልመጣም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ቂም የለበትም፣ ዝም ብሎ ነው ያለው። «እዚህ ስትቀመጪ ደስ ይለኛል፣ ዑሚዬ። ሌላ ምንም የለኝም።»

የሱሪውን እርጥብ ቦቲ አንሥቼ ትከሻውን መታሁት። ከዚያ ያው ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ከበደ እያየ፣ ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እያዩ። ይሳቁ! ሀያም ትምጣና ትሳቅ። ኑርዬ በቀዘቀዘ እጁ ጀርባዬን ይመታ ጀመር፣ እኔ የሰጠምኩ ይመስል።

ከበደ ታንኳውን ሊያስር ዞር አለልን። እኔም ነጠላዬን አውልቄ ኑርዬን ጠቀለልኩትና ፊቴን በእጄ ጠረግሁ።

«ስማኝ» አልኩት። «ከነገ ጀምሮ ጠባቡን ነው የምትለብሰው። በዙህር ሰዓት እመጣለሁ። ራስህ አውልቀህ ጠብቀኝ።»